እጄን የሰበሰብኩበት ክረምት

ሴፕቴምበር 2፣ ማክሰኞ

የካርታሄናው ዶክተር ካማርጎ ደብተር ይግዙ አለኝ፤ ገዛሁ። ሽፋኑ ላይ ፈረስ አለበት፤ የመረጠችው ልጄ ዩራኒስ ናት። «በየቀኑ ገላዋ ላይ አዲስ ያዩትን ይጻፉ። የት ነው፣ ስፋቱ ምን ያህላል፣ ምን ነክቷት ነው። ሌላ ወሬ አያስፈልገኝም» አለኝ። እኔ ደግሞ ወሬ ካልጨመርኩበት መጻፍ አይሆንልኝም። ለእሱ የሚሆነውን በሌላ ወረቀት እገለብጥለታለሁ፤ ይሄ ለእኔ ይቀራል።

ጠዋት ጠዋት ሚስቴ ኔልፊ ልጅቷን መስኮት አጠገብ አቁማ እያዟዟረች ታያታለች፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ የምትነግረኝን እጽፋለሁ። ግራ ቅልጥም፦ ሁለት ብልዝ፣ የሳንቲም ስፋት። ቀኝ ክርን፦ አንድ፣ ወደ ቢጫ የዞረ። ቁርጭምጭሚት፦ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀያይ ነጥቦች፤ ኔልፊ ሃያ ድረስ ቆጥራ ተወችው።

ፕላትሌቷ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ነው። የጤነኛ ልጅ ከመቶ ሃምሳ ሺህ በላይ መሆን አለበት። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው እሱ ነው፤ የእሷ ገላ ግን የራሱን ፕላትሌት እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠፋዋል። ለምን እንደሆነ ዶክተሩም አያውቅም። አላውቅም ማለቱን ወድጄለታለሁ፤ በእኔ ሙያ እንዲህ የሚል ሰው አላጋጠመኝም።

በሽታው ከተገኘ አሥራ አንድ ወር ሆነው። ዓመት ካለፈው ሥር ሰደደ ይባላል። ያኔ ፕላትሌቱ የሚጠፋበትን ጣፊያዋን በቀዶ ጥገና ማውጣት ይሻል እንደሆነ እንነጋገራለን ብሏል። ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ሴፕቴምበር 5፣ ዓርብ

ወዳጄ ቲልሲዮ ትከሻው ወልቆ መጣ። መረብ ሲጎትት ነው። እኔ የዚህ የወንዝ ዳር መንደር ወጌሻ ነኝ፤ አባቴም ነበር። በማግዳሌና ወንዝ ላይ ዓሣ የሚያጠምድ፣ ኳስ የሚራገጥ፣ ከማንጎ ዛፍ የሚወድቅ ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣው።

«ኮምፓድሬ ኤሊዬሰር፣ እንዲህ ያለ እጅ ይዘህ ልጅህን ካርታሄና ድረስ የምታመላልሳት ምን ሆነህ ነው? እዚሁ አሸት አሸት አድርገህ አትገላገልም?»

«የደም ነገር ነው። ከአጥንት ጋር አይገናኝም።»

«ደምም በጣቴ ይሰማኛል ትል አልነበር?»

እል ነበር። ከሚያስፈልገው በላይ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት መሰለኝ፤ የካርሜኗን እመቤታችን ማርያምን ሁለት ጊዜ ጠራ። ትከሻው ግን ገባ።

ሴፕቴምበር 9፣ ማክሰኞ

አማቴ ዶኛ ሴኖቢያ ብልዙ የጠንቋይ ሥራ ነው ይላሉ። ጠንቋይዋ ሌሊት ሌሊት ወፍ ሆና ጣሪያ ላይ ታርፍና የልጅ እግር ትመጠምጣለች። መድኃኒቱ መቀስ ነው፤ በመስቀል ቅርጽ ተከፍቶ ትራስ ሥር ይቀመጣል። ዛሬ ኔልፊ አልጋ ስታነጥፍ አገኘችው።

«እማ፣ ደሟ አልረጋ ያለ ልጅ ትራስ ሥር መቀስ ታደርጊያለሽ?»

«ታዲያ ጠንቋይ ማንኪያ ትፈራለች?»

«ጠንቋይዋስ ትመጥምጥ፤ መቀሱ ዓይኗን ቢወጋትስ?»

ዩራኒስ ጠቡን ሰምታ ከካርቶን መቀስ ቆርጣ አመጣች። በጨለማ ጠንቋይዋ አትለየውም አለች። አማቴ ካርቶኑን አገላብጠው አዩና ይሁን አሉ።

ቀኝ ጭን፦ ምንም። ቀኝ ጭኗን ሁልጊዜ ቀድሜ እጠይቃለሁ።

ሴፕቴምበር 17፣ ረቡዕ

ጀልባ መውረጃው ላይ ሁለት ሴቶች ቦካቺኮ የሚባለውን ዓሣ እየበለቱ ያወራሉ። እኔ ከበረዶ ሳጥኑ ኋላ ነበርኩ።

«የወጌሻውን ልጅ እግር አየሽው?»

«እናትየዋ እጇ ከባድ ነው ይላሉ። አምና እኮ ነገሩ ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ድረስ ደርሶ ነበር።»

«አፏን ያየ እጇን ያውቃል።»

ሳል አልኩ። ደንገጥ አሉና ዓሣ ግዛን አሉኝ፤ ገዛሁ። ኔልፊ ልጇን ዝንብ እንኳ ሲያርፍባት አትወድም ማለት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? አላልኩም። ዓሣውን ኔልፊ ጠበሰችው፤ ከአረንጓዴ ሙዝ ጋር በላነው።

ሴፕቴምበር 26፣ ዓርብ

አስተማሪዋ ሴኞ ዳሚሪስ በእረፍት ሰዓት ዩራኒስን አጠገቧ አግዳሚ ላይ ታስቀምጣታለች። ልጆቹ እንቁላል ብለው ስም አውጥተውላታል። ይህን የነገረችን ራሷ ዩራኒስ ናት፣ እየሳቀች።

«እና ምን አልሻቸው?» አለቻት ኔልፊ።

«ስሙን ያወጣውን ዊልማንን፣ እንግዲያው አንተ ዶሮዋ ነህ፣ ናና ታቀፈኝ አልኩት። ሴኞም ሳቀች።»

ሲመሽ ግን እናቷን፣ «እማ፣ እኔ እሰበራለሁ እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት። ኔልፊ እሷን አቅፋ እኔን አየችኝ። ተነስቼ በር የሌለውን የዶሮ ቤት ልዘጋ ወጣሁ።

ኦክቶበር 7፣ ማክሰኞ

የኔልፊ እህት ልጅ ባለፈው እሑድ አንድ ዓመቱን ያዘ። ወደ ባራንኪያ ከተማ በስልክ ተደውሎ ተዘፈነለት። አምና በዚህ ሰሞን ኔልፊና እናቷ ለወሊዱ እዚያ ነበሩ፤ ለአራት ቀን። ቤት እኔና ዩራኒስ ብቻችንን ነበርን። ሩዝ አሳርሬ...

ኦክቶበር 8፣ ረቡዕ

በሽታው የተገኘበት ቀን። አንድ ዓመት። ስለ ዛሬ አልጽፍም።

ግራ ክንድ፦ አንድ ብልዝ፣ የአውራ ጣት ስፋት። ጠረጴዛ።

ኦክቶበር 14፣ ማክሰኞ

ነስር። በሦስት ሰዓት ጀመረ። ወንዙ ሞልቷል፣ ጀልባ የለም። ኔልፊ ይዛታለች። አሥር ደቂቃ። አልቆመም። አሥራ አምስት። ፎጣው ሁለተኛው ነው። አሥራ ስምንት። ቆመ። ቆመ።

ኦክቶበር 15፣ ረቡዕ

አሁን ተረጋግቼ ልጻፈው። ትናንት ጠዋት ዩራኒስ ቁርስ ላይ አንድ ጊዜ አነጠሰች፤ ደሙ ካሳቫው ላይ ፈሰሰ። እኔ ነበርኩ ቅርብ። ዶክተሩ አሳይቶናል፦ ወደ ፊት ጎንበስ አድርጎ፣ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል በሁለት ጣት ጥብቅ አድርጎ መያዝ፣ ሳይለቁ፣ ሰዓት እያዩ። በዚህ ወንዝ ግራና ቀኝ ከእኔ የተሻለ ጥብቅ አድርጎ መያዝ የሚችል ሰው የለም። ስንት ሰው አስጩኼያለሁ።

«ያዛት እንጂ!» አለች ኔልፊ ከጓዳ።

እጄን ዘረጋሁ። ፊቷ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ቆመ። አልታዘዘኝም። ኔልፊ ገፍትራኝ ገብታ ያዘቻት፤ እኔ ሰዓት ያዝኩ። ጎረምሳ ሳለሁ እንኳ እንዲህ ዋጋ ቢስ ሆኜ አላውቅም።

ዩራኒስ አፍንጫዋ እንደተያዘ በታፈነ ድምፅ፣ «ስንት ሆነ አባዬ?» ትለኛለች። አሥራ ሁለት። አሥራ ሦስት። የጀልባ ቀዛፊ ሆኜ የማሻግራት ይመስል ጮክ ብዬ ቆጠርኩላት።

ከሰዓት በኋላ ኔልፊ ልብስ እያጣጠፈች ሳታየኝ ጠየቀችኝ።

«ልጅህን ከነካሃት ስንት ጊዜህ ነው?»

«ሥራ ላይ የሰው እግር ስጨብጥ እውላለሁ። እጄ ይደክማል።»

«እጅህ ይደክማል» አለች።

ኦክቶበር 30፣ ሐሙስ

ዝናብ። ግቢው ውኃ ነው። ዶሮዎቹ ወጥ ቤት ገብተዋል። ሕመምተኛ የለም፤ የደረሰልኝ ብቸኛ ሰው ቲልሲዮ ነው፣ በታንኳ እስከ በሩ፤ ትከሻው ሳይሆን ወሬ አሞት።

ግራ ቅልጥም፦ ሦስት። ዶሮ ስታባርር።

ኖቬምበር 18፣ ማክሰኞ

ካርታሄና ደርሰን ተመለስን። ፕላትሌት ሃያ ሁለት ሺህ። እንደነገሩ ነው ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል ዶክተር ካማርጎ ፋይሉን ወደ ኋላ ገለጠ።

«ቁጥሩ ብቻ ቢሆን አልቸኩልም ነበር» አለን። «እኔን የሚያስፈራኝ የአምናው ጭን ነው። ከብስክሌት ጭቃ ላይ ወድቃ፣ ማንም ሳይነካት፣ ጭኗ እስከ ጉልበቷ በደም ተሞላ። በትንሽ ውድቀት እንዲያ የደማች ልጅ ነገ ጭንቅላቷን ብትመታስ?»

ጣፊያዋ በጃንዋሪ ይውጣ አለ። ከዚያ በፊት ክትባቶች አሉ። ጣፊያ ከወጣ በኋላ ደግሞ ትኩሳት በያዛት ቁጥር በሰዓታት ውስጥ ሆስፒታል መድረስ አለባት፤ ዕድሜዋን ሙሉ። ከእኛ መንደር ማጋንጌ በጀልባ፣ ከዚያ ካርታሄና በአውቶቡስ። ወንዙ ሲሞላ ደግሞ ጀልባ የለም።

«ሊጨምሩልኝ የሚፈልጉት ነገር አለ፣ ዶን ኤሊዬሰር?»

«የለም ዶክተር።»

በአውቶቡስ ዩራኒስ ስትጠይቅ መጣች። ጣፊያ ምን ይሠራል? ሲያወጡት የት ያደርጉታል? ለውሻ ይሰጡታል? ኔልፊ ለሁሉም መለሰችላት። እኔ መስኮት መስኮቱን አየሁ።

ኖቬምበር 20፣ ሐሙስ

እንግዲህ እጽፈዋለሁ። ማንም አያነበውም፣ ቢያነበውም ይገባኛል።

አምና ኦክቶበር 4 ዩራኒስ ከብስክሌት ወደቀች። ጭቃ ላይ፣ ለስላሳ ቦታ። ጭኗ ላይ የዘይቱን ፍሬ የምታህል እብጠት ወጣች። አባቴ ያስተማረኝ፣ እኔም ሠላሳ ዓመት የሠራሁት አንድ ነገር ነው፤ የቋጠረ ደም ታሽቶ ይበተናል፣ ካልተበተነ ይከፋል። የካምፎር ቅባት አሞቅኩ። ሦስት ምሽት አሸኋት። በአውራ ጣት፣ ወደ ውስጥ፣ ለቲልሲዮ እንደማደርገው። አለቀሰች። «ጎበዝ፣ ክፉው ደም እየወጣ ነው» አልኳት። በሁለተኛው ቀን ሰፋ። ሲሰፋ ሳይ እየተበተነ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ ብዬ መጻፌ ራሱ ያሳፍረኛል። በሦስተኛው ቀን ጭኗ እስከ ጉልበቷ ጠቆረ፤ ድዷም ደማ። በማግስቱ ማታ ኔልፊ ከባራንኪያ ስትገባ ልጅቷን አይታ ሻንጣዋን ደጃፍ ላይ ጥላ ጮኸች።

ፕላትሌቷ አራት ሺህ ነበር። ዶክተሩ፣ «ያሻት ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ። ኔልፊ አጠገቤ ቆማለች። «ማንም አልነካትም» አልኩ። አፌ ነው ያለው፤ ግን የእኔ አፍ ነው።

ከሳምንት በኋላ ከሕፃናት ጉዳይ ቢሮ አንዲት ሴት መጣች። ኔልፊን ጠየቀች እንጂ እኔን አልጠየቀችም። እኔ የመንደሩ መድኃኒት ነኛ፤ ኔልፊ ደግሞ አፏ ሹል ነው።

ልጄን የሚቀዷት ለእኔ ውሸት ነው። ጣፊያዋ የሚወጣው ስሜ እንዳይወጣ ነው። ይኸው፤ ተጻፈ።

ኖቬምበር 23፣ እሑድ

ለኔልፊ ነገርኳት።

ፀሐይ ወጥታ ስለነበር አንሶላ ታጥብ ነበር። አንዱን ጫፍ ሰጠችኝ፤ እሷ በዚያ እኔ በዚህ ይዘን እንጠመዝዛለን። ዓይኔን ውኃው ላይ አድርጌ ነገርኳት፤ ቅባቱን፣ ሦስቱን ምሽት፣ ለዶክተሩ ያልኩትን። ጫፏን አልለቀቀችም። መጠምዘዟንም አላቆመችም፤ አንሶላው እንደ ገመድ እስኪከር ጠመዘዘችው።

«ያቺ ሴትዮ ጓዳዬን ከፍታ ዱላ ስትፈልግ አንተ በር ላይ ነበርክ» አለችኝ።

«አዎ።»

«ቡና አቀረብክላት።»

«አዎ።»

«ልጄ ፊት፣ ወይዘሮ ኔልፊ ሲናደዱ ምን ያደርጋሉ ብላ ስትጠይቀኝ፣ አንተ ስኳር ይጨመር ወይ ትላት ነበር።»

አዎ አልኩ።

አንሶላውን ከእጄ ወስዳ ብቻዋን አሰጣችው። ከዚያ ዘወር ብላ፣ «ለዶክተሩ ትነግረዋለህ። እኔ ቁጭ ብዬ እያየሁህ» አለችኝ። በምሳ ሰዓት ሳህኔን ሞልታ አስቀመጠችልኝ፤ አላናገረችኝም።

ኖቬምበር 27፣ ሐሙስ

አምስተኛ ቀን። በዩራኒስ በኩል ነው የምንነጋገረው። «አባትሽን ጨው አቀብለኝ በይው።» ዩራኒስ ጨዋታ መስሏት በአስተርጓሚ ወግ ትሠራዋለች፤ «ወይዘሮዋ ጨው ይፈልጋሉ፣ ጌታዬ።»

ቅባቱን ከመደርደሪያ አወረድኩት። አልጣልኩትም፤ የቲልሲዮ ትከሻ አለ። ግን የሚመጣውን ልጅ ሁሉ ከማሸቴ በፊት ሌላ ቦታ በልዞ ያውቃል ወይ፣ ይነስረዋል ወይ እያልኩ መጠየቅ ጀምሬያለሁ። እናቶቹ ምን ነክቶት ነው ብለው ያዩኛል።

ዲሴምበር 3፣ ረቡዕ

ትናንት ሆነ። በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ወንበር ላይ ሳልቀመጥ ነው የተናገርኩት፤ ከተቀመጥኩ እንደማልናገር አውቄያለሁ። ዶክተር ካማርጎ መነጽሩን አወለቀ። ስንት ቀን? በየትኛው ጣት? ለስንት ደቂቃ? ቅባቱ ትኩስ ነበር? አንድ በአንድ ጻፈ። ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፤ ግን የአባቴ ቁጣ ነው የታየኝ።

«አሥራ አራት ወር፣ ዶን ኤሊዬሰር። በዚህ ወረቀት ተማምኜ ልጅ ላስቀድድ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ጤነኛ ጭንም እንዲያ ቢታሽ ይበልዛል። አራት ሺህ ላይ ያለች ልጅ ደግሞ...» ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ የገለበጥኩለትን ወረቀቶች አወጣ፤ የሦስት ወሩን በሙሉ። እያንዳንዱን ገጽ አነበበ። ኔልፊ የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች ትዘጋለች። ዩራኒስ በወንበሯ እግሯን ታወዛውዛለች።

«ቅልጥም፣ ክርን፣ ዶሮ፣ ጠረጴዛ» አለ በመጨረሻ። «አንድ ነስር፤ በአሥራ ስምንት ደቂቃ ቤት ውስጥ የቆመ። ይህቺ እኔ የፈራሁላት ልጅ አይደለችም። ዛሬ ሃያ ስምንት ሺህ ናት። በዚህ ቁጥር ያለ መድኃኒት የሚኖሩ ብዙ ልጆች አሉኝ፤ አንዳንዶቹን ደግሞ ከጊዜ በኋላ በራሱ ይለቃቸዋል። ቀዶ ጥገናውን ሰርዤዋለሁ። እየተከታተልን እንጠብቃለን።»

«ጣፊያዬ የእኔው ሆነ?» አለች ዩራኒስ።

«ያንቺው ሆነ። ዋኚ፣ ጨፍሪ። የኳስ ግፊያና ያለ ሄልሜት ብስክሌት የለም። በእረፍት ሰዓትም ከአግዳሚው ተነሺ፤ ለአስተማሪሽ ደብዳቤ እጽፋለሁ።» ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎ ደግሞ እሷን አያሿትም። መንካት ግን ማሸት አይደለም።»

ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ አልደብቀውም። ኔልፊ መሐረብ ወረወረችልኝ። «አፍንጫህን ጥረግ፤ ሰው ያያል» አለችኝ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ በቀጥታ ለእኔ የተነገረ የመጀመሪያው ቃል ነው። እንዲህ የሚጥም ስድብ ሰምቼ አላውቅም።

ከማጋንጌ በመጨረሻዋ የከሰዓት ጀልባ ተሻገርን። ኔልፊ ከፊት ተቀምጣ ነፋሱን ትቀበላለች፤ ትከሻዋ ወርዷል፤ ከዓመት በላይ ጆሮዋ ድረስ ተሰቅሎ የኖረ ትከሻ ነው። ዩራኒስ አጠገቤ ነበረች።

«አባዬ፣ እኔ እኮ አልተናገርኩም» አለችኝ በጆሮዬ።

«ምኑን?»

«ለዚያች ሴትዮ። ማን ነካሽ ስትለኝ፣ ማንም አልኳት። እጅህን እንዳይወስዱብህ ብዬ።»

ሞተሩ ይጮኻል። ውሸቴን ብቻዬን የተሸከምኩ ይመስለኝ ነበር። ለካ ይህቺ ልጅ ጭኗ ጠቁሮ፣ በስምንት ዓመቷ፣ የእኔን እኩሌታ ይዛልኝ ኖራለች። በጆሮዋ ጮክ ብዬ፣ ከእንግዲህ የማንንም ሰው ውሸት እንዳትይዢ፣ የእኔንም ቢሆን አልኳት። እሺ አለች። ጫማዋን አወለቀችና ሁለት እግሯን ጭኔ ላይ ሰቀለች። እጄን የማደርግበት ጠፋኝ። ቀኙን አንስታ ራሷ ግራ ቅልጥሟ ላይ አስቀመጠችው፣ ሳህን እንደማስቀመጥ። አልጫንኩም። እስክንደርስ ድረስ አላነሳሁትም።

ወደቡ ላይ ቲልሲዮ ገመዱን ተቀበለን። ዓሣ የሚበልቱት ሴቶችም ነበሩ።

«እህ ኮምፓድሬ፣ ምን አሉ?»

«ቀዶ ጥገና የለም አሉ። ደግሞ አምና ያንን ጭን ያጠቆርኩት እኔ ነኝ፤ በእነዚህ አውራ ጣቶች። ኔልፊ ባራንኪያ ነበረች።»

«ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ» አልኩና ደግሜ ተናገርኩት። አንዷ ሴት ቢላዋዋን አስቀመጠች። ኔልፊ ሳትዞር መንገዷን ቀጠለች፤ ጥቂት ሄዳ ግን ቆማ ጠበቀችን።

ዲሴምበር 4፣ ሐሙስ

ዛሬ መስኮቱ ጋ ያየኋት እኔ ነኝ። ኔልፊ በሩ ላይ ቆማ ጻፈች፤ ቀጥሎ ያለው የእሷ እጅ ጽሑፍ ነው።

ቀኝ ክርን፦ አንድ፣ አሮጌ። ቁርጭምጭሚት፦ ነጥቦች፣ ስድስት። ግራ ቅልጥም፣ ከትናንት ወዲያ የአባቷ እጅ ያረፈበት ቦታ፦ ሁለት ጊዜ አይቶታል፤ ምንም የለም።